ባለ 300 ወይስ ባለ 500 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ መኪና?

ከፒያሳ ቦሌ ለሚመላለስ ባለ 300ው፣ ማለትም አንዴ ሞልቶ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚባለው፣ ከበቂ በላይ ነው። ዋጋው ይቀላል፤ በ220 ቮልት በ10 አምፔር ሌሊቱን 10 ሰዓት ከተሰካ 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሞላል። ሶኬቱ ሲነካ የሚፋጅ ከሆነ ግን ወዲያው ይነቀል፣ መስመሩም ይቀየር።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖርና የራሱ ሶኬት ለሌለው ባለ 500ው ይሻላል፤ ለከተማ ሥራ በሳምንት አንዴ ቻርጅ ይበቃዋል።

ክፍለ ሀገር ሲወጡ ልዩነቱ ይጎላል። መኪናው በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት የሚገለጽበት የቻይና መለኪያ ያጋንናል፤ 300 የተባለው በፈጣን መንገድ ወደ 200 ሊወርድ ይችላል። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ባለ 500ው ይመረጣል። አዳማ ደርሶ መልስ ለባለ 300ው ጠባብ ነው፤ ሲመለሱ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ አለ። ለ1.7 ቶን መኪና ዳገቱ ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ እዚያው ትንሽ ሞልቶ መነሣት ይሻላል።