አራት ሰፈር፣ አራት ማዕድ፦ በዋሽንግተን ዙሪያ የሌላ አገር ምግብ የት እንብላ?

ባለፈው ሐምሌ ከአዲስ አበባ የመጡት አጎቴ በሁለተኛው ቀን ቁርጡን ነገሩኝ። «ጥብስ ቦሌም አለ። እዚህ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ይኖራል ስትሉን አልነበር? እስቲ የሌላውን ቤት አሳየኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የምንኖር ሐበሾች ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ እየተመላለስን ያንኑ ክትፎ እናወዳድራለን። ስለዚህ እሳቸውን ይዤ አራት ሰፈር ዞርኩ፤ ለቬትናም ኤደን ሴንተር፣ ለኮሪያ አናንዴል፣ ለቻይና ሮክቪል፣ ለኤል ሳልቫዶር ደግሞ ዊተንና ላንግሊ ፓርክ።

ቻይናታውንን ከመጀመሪያው ሰርዣለሁ። በ1986 የቆመው ባለቀለም ቅስት (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግዳን ያማልላል። ነዋሪው ግን ቀድሞውንም መውጣት ጀምሮ ነበር፤ በ1997 ትልቁ የስፖርት አዳራሽ አጠገቡ ሲከፈትና ኪራዩ ሲንር ደግሞ ብዙው ሄደ። ዛሬ የቻይንኛውን ፊደል በብዛት የምታዩት በቡና መሸጫና በፈጣን ምግብ ቤት ሰሌዳ ላይ ነው። በዚህ ከተማ ምግብ ባለቤቱን ተከትሎ ወደ ዳር ይወጣል። የእኛስ ቤቶች ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዩ ስትሪት፣ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ አልተጓዙም?

እውነተኛውን ቤት ከአስመሳዩ ለመለየት የራሳችንን ቤት እንዴት እንደምንለይ ማሰብ ይበቃል። ሹካ ሳንጠይቅ ከቀረበልን፣ ዱለት ከዝርዝሩ ከጠፋ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም በያይነቱ የሚያዝዝ ሐበሻ ከሌለ፣ ቤቱ የሚያበስለው ለሌላ ሰው ነው። ለሌሎቹም መለኪያው ይኸው ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ማየት የምፈልገው አያቶችንና ሕፃናትን ነው፤ አያት የማይጥማትን ቤት ቤተሰብ ለእሁድ ምሳ አይመርጥም።

ኤደን ሴንተር በፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ፣ በ1984 የተከፈተ የገበያ ማዕከል ነው፤ ወደ 120 የሚጠጉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች አሉት። የሰዓቱ ማማ የተሠራው በሳይጎን የቤን ታን ገበያ አምሳል ነው። ከላይ የሚውለበለበው ቢጫ መደብ ባለሦስት ቀይ መስመር ባንዲራ በ1975 የወደቀችው የደቡብ ቬትናም ነው። አጎቴ ባንዲራውን አይተው ታሪኩን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ፤ መንግሥቱ አልፎ ባንዲራው የቀረበትን ስደት ከእኛ በላይ ማን ያውቃል። ከአራቱ ሰፈሮች በአንድ ቦታ ብዙ ምርጫ የሚሰጠው ይህ ነው። አንዱ ቤት ሾርባውን ፎ ብቻ ይሠራል፣ ሌላው በፈረንሳይ ዳቦ የሚቀርበውን ባን ሚ፣ ሌላው ጣፋጭ ብቻ። የፎው መረቅ የበሬ አጥንት ለሰዓታት ተቀቅሎ የሚወጣ ነው፤ «ታይ» የሚባለውን ካዘዛችሁ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ ከላይ ይነሰነስና በሙቁ መረቅ ዓይናችሁ እያየ ይበስላል። ችግሩ መኪና ማቆሚያው ነው። ቅዳሜና እሁድ ቀትር ላይ ቦታ ፍለጋ መዞር ከምሳው በላይ ጊዜ ይፈጃል፤ ረፋድ ላይ ድረሱ።

አናንዴል እንዲህ የተሰበሰበ አይደለም። ሊትል ሪቨር ተርንፓይክ በሚባለው ሰፊ መንገድ ግራና ቀኝ የተበታተነ የኮሪያ ሰፈር ነው፤ የምድር ባቡርም አይደርሰውም። መኪና የሌለው ሰው ይተወው። ግን ብዙ ሆኖ ለሚሄድ የሚወዳደረው የለም። ያዘዛችሁት ገና ሳይመጣ ጠረጴዛው ባንቻን በሚባሉ ትናንሽ ሳህኖች ይሞላል፤ ኪምቺው (በቅመም ተብላልቶ የሚኮመጥጥ ጎመን)፣ የአኩሪ አተር በቆልቱ፣ ስፒናቹ ሁሉ ያለ ክፍያ ነው፣ ሲያልቅም ይጨመራል። ጎድን ጥብሱ ጋልቢ ጠረጴዛው ላይ ባለ እሳት ይጠበሳል፤ ብዙ ቤቶች ከሁለት ሰው በታች አያስተናግዱበትምና ብቻችሁን ከሆናችሁ ሶሎንግታንግ እዘዙ። ይህ ነጭ የበሬ አጥንት መረቅ ጨው ሳይገባበት ይመጣል፣ ጨውና ሽንኩርቱን ራሳችሁ ትጨምራላችሁ። ቅቅል የለመደ ሐበሻ እንግድነት አይሰማውም። አጎቴን የማረካቸው ግን ዩክዌ ነበር፦ በቀጭኑ የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ፣ በሰሊጥ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት የታሸ፣ ከላዩ የእንቁላል አስኳል። «ይኼማ የእኛ ዘመድ ነው፤ ብቻ ስኳር ነካ አድርጎታል» አሉ። ዋጋው ከአራቱ ውድ የሚባለው ነው።

ሮክቪል በሜሪላንድ በኩል ሲሆን የቀዩ መስመር ባቡር ይደርሰዋል። በሮክቪል ፓይክ አካባቢ በእጅ የሚጎተት ኑድል፣ የሲቹዋን ቤት፣ የካንቶን ቤት ሁሉ ይገኛል፤ ስለዚህ «የቻይና ምግብ» ብሎ መሄድ አይበቃም፣ የየትኛው አውራጃ እንደሆነ ጠይቁ። ሚጥሚጣ ያሳደገኝ ነኝ ብዬ የሲቹዋንን ቤት ስደፍር የገጠመኝን ላካፍላችሁ። የበርበሬውን ነገር አልፈራሁም፤ ግን አንዲት ትንሽ ቅመም አለቻቸው፣ አታቃጥልም፣ ከንፈርና ምላስን ታደነዝዛለች። አጎቴ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የደረሱ መስሏቸው ነበር።

ዊተንም በዚያው ቀይ መስመር ላይ ነው። ጣቢያው በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ረጅሙ የሚባለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለው፤ 70 ሜትር ይዘልቃል፣ ምግቡን ሳትበሉ ትርኢቱን ትጠግባላችሁ። እዚህና በላንግሊ ፓርክ የምትፈልጉት ፑፑሳ ነው፦ በአይብ፣ በቦሎቄ፣ በሥጋ ወይም ሎሮኮ በሚባል የአበባ እንቡጥ ተሞልቶ በምጣድ የሚጋገር ወፍራም የበቆሎ ቂጣ። ኩርቲዶ ከሚባል የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ጋር በእጅ ይበላል። ሳልቫዶራውያን በዚህ አካባቢ ካሉት ስደተኞች በቁጥር ቀዳሚዎች በመሆናቸው ቤቶቹ ለሌላ ሰው ብለው ጣዕማቸውን የሚቀይሩበት ምክንያት የለም። ከአራቱ ርካሹ ይህ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ፑፑሳ አንድ ሰው ያጠግባል።

ሽርሽራችን እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር። ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ፣ ጨዋታው ተለወጠ። በጾም ምርጫው ሌላ ነው። በአንድ ፑፑሳ ቤት የቦሎቄውን ብቻ ብለን አዝዘን ስንበላ ቦሎቄው በአሳማ ስብ የተጠበሰ መሆኑን ያወቅነው ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ነው። ጥፋቱ የቤቱ አልነበረም፤ አልጠየቅንም። «ማንቴካ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሬቩዌልታ የሚባለው ድብልቅ ደግሞ የአሳማ ሥጋ እንዳለው እወቁ። ኮሪያም ለጿሚ ከባድ ነው፤ ኪምቺው ራሱ ብዙውን ጊዜ የዓሣ መረቅ ወይም በጨው የተዘፈዘፈ ሽሪምፕ ይገባበታል። በሮክቪል ማፖ ቶፉን (ከአኩሪ አተር በተሠራ አይብ መሰል ምግብ የሚዘጋጅ ወጥ) አይታችሁ «ቶፉ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ፣ የተፈጨ ሥጋ ጣል ይደረግበታል።

የሚያድነው ኤደን ሴንተር ነው። በዝርዝሩ ላይ «ቻይ» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ ቡድሂስቶቹ በጨረቃ ወር መባቻና አጋማሽ ከሥጋ ሲታቀቡ የሚበሉት ነውና ሥጋው ብቻ ሳይሆን የዓሣ መረቁም ይወጣለታል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ።

ሙስሊም ወገኖቼ በአራቱም ሰፈር የአሳማ ሥጋ የተለመደ መሆኑን ልብ በሉ። የላንጆው የበሬ ኑድል በቻይና የሁዪ ሙስሊሞች ምግብ ነው፤ እዚህ የሚሠራው ቤት ሁሉ ግን ሐላል ነው ማለት አይደለም።

መኪና ለሌለውና ኪሱ ለሳሳበት ዊተንን እመርጣለሁ። ጿሚ ወይም ከልጆች ጋር የሚሄድ ሰው ኤደን ሴንተር ይሂድ። ሮክቪልን ለራሴ ብቻ፣ በብርድ ቀን እመለስበታለሁ።

ፍልሰታ ሲፈታ አጎቴን የት እንሂድ ብላቸው ለአፍታ አላመነቱም፤ «ወደዚያ ጥሬ ሥጋ» አሉ። አናንዴል ደርሰን ዩክዌው ሲቀርብ ከኮታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ አወጡ። አስተናጋጇ መጥታ አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያም ለወጥ ቤቱ ትንሽ እንዲተዉላት ጠየቀች።