ጓሳን በአፋፉ፦ 3 ቀን ያለ መንገድ

ብዙ ሰው በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ወዳለው የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ቦታ በመኪና ሄዶ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ አንስቶ፣ በማግስቱ ይመለሳል። እኛ አራት ሆነን መኪናውን ትተን፣ በምሥራቅ በኩል ያለውን የገደል አፋፍ ይዘን ወደ ሰሜን 3 ቀን ተጓዝን። ከመሄዴ በፊት ስለዚህ ጉዞ በደንብ የጻፈ ሰው ፈልጌ ስላጣሁ፣ የጉልበቴ ሕመም ሳይለቀኝ ልጻፈው ብያለሁ።

መድረሻው ቀላል ነው። በደብረ ብርሃን አልፋችሁ ጣርማ በር ላይ የደሴን መንገድ ትተዉና ወደ መሐል ሜዳ ትታጠፋላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ትንፋሽ ያጥራል፣ እሱ ግን ቀስ በቀስ ይለመዳል። የማይለመደው ሳሩ ነው። ጓሳ የሚባለው ሳር ጉብ ጉብ እያለ ነው የሚበቅለው፤ በጉብታዎቹ መሀል ያለውን ጉድጓድ ሳሩ ይሸፍነዋል፣ ላዩ ላይ የፍልፈል ቁፋሮ ሲጨመርበት እግራችሁን የምታሳርፉበትን ሳታዩ ቀኑን ሙሉ ትሄዳላችሁ። ዱላ ያልያዘ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ያጣምማል። ከእኛ አንዱ በ2 ሰዓት ውስጥ አጣመመ። እኔ ግን ፍልፈሎቹን አልጠላቸውም፤ ቀይ ቀበሮ እዚያ የሚኖረው እነሱን እያደነ ነው፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንዱን ጉድጓድ አፍ ላይ አድብቶ ሳየው ሕመሙን ሁሉ ረሳሁት።

ሁለተኛው ቀን ነው ከባዱ። ሳሩ ያልቅና ቋጥኝ ይጀምራል። ድንጋዩ ሽበት አብቅሎ ያዳልጣል፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ በእጅም ጭምር ነው የሚወጣው። በቀኝ በኩል መሬቱ ቁልቁል ተቆርጦ ወደ አጣዬ ቆላ ይወርዳል። በግራ የሚፈሰው ውሃ ወደ አባይ፣ በቀኝ የሚፈሰው ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፤ አፋፉ ላይ ለሚጠማው ሰው ግን ጠብታ የለም። ጓዝ የጫነችው በቅሎ በቋጥኙ ማለፍ ስለማትችል ከታች ዞራ ማታ ነው የምታገኛችሁ። ስለዚህ በነፍስ ወከፍ ቢያንስ 3 ሊትር ተሸከሙ። በሶ ያዙ፤ በጥብጦ መጠጣት ከማንኛውም የሱፐርማርኬት ብስኩት ይሻላል።

አሁን መንገድ ስለመሩን የአካባቢው ጠባቂ፣ ስለ ስካውቱ ልናገር፣ ይህን የምጽፈውም በዋናነት ለእሳቸው ብዬ ነው። በዕድሜ የገፉ የመንዝ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከቆላው ጉም ተነሳና እርስ በርስ መተያየት አቃተን። አንደኛው ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ «ጂፒኤሱ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ ይላል» አለ። እሳቸው «ተቀመጡ ልጆቼ፣ ዝንጀሮዎቹን ስሙ» አሉን። ጭላዳዎቹ ሲንጫጩ ይሰማል፣ ድምፃቸው የሚመጣው ግን ከእግራችን ሥር ነው። ጭላዳ ማታ ማታ ለማደር ወደ ገደሉ ነው የሚወርደው፤ ወደዚያ ከሄድን የምንገባው ገደል ውስጥ ነው ማለት ነው። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ጉሙ ሲሳሳ በግራ አዙረው፣ አፋፉን ለሁለት የሰነጠቀውን ሸለቆ አስዞሩን። ስልኩ ያሳየን መስመር በዚያ ሸለቆ ላይ ነበር የሚያልፈው።

ማታ እሳት ዳር ስለ ሳሩ ብዙ አጫወቱን። የቤት ክዳን፣ ገመድና ገሳ (ዝናብ መከላከያ ልብስ) የሚሠራው ከእሱ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስ እየከፈተ ነው እዚህ ያደረሰው። ቀን ሙሉ የረገጥኩትን ሳር ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ነው ያየሁት።

ያናደደኝን ልንገራችሁ። ጉዞውን ከአዲስ አበባ ያዘጋጀልን ሰው «ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ነው» ብሎን ነበር። ይሄ ውሸት ነው፣ ሰው ላይ ጉዳት የሚያመጣ ውሸት ነው። ያከራየን ድንኳን ዚፑ አይዘጋም፣ ስሊፒንግ ባጉ ለሐዋሳ እንጂ ለመንዝ ውርጭ የሚሆን አይደለም። ሌሊት ላስቲክ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቶ አደረ። ባለ በቅሎው የራሱን ባና አውልቆ ባያለብሰን ኖሮ እንቅልፍ የሚባል አይታሰብም ነበር። የመንዝ በግ ፀጉር ምን ያህል እንደሚሞቅ ያወቅኩት ያን ሌሊት ነው።

ስለዚህ መሀል ሰው አያስፈልጋችሁም። ድንኳንና ወፍራም ልብስ ከቤታችሁ ያዙ፣ የመግቢያውን፣ የስካውቱንና የበቅሎውን እዚያው ሄዳችሁ ክፈሉ። ስካውት ስትጠይቁ «አፋፉን በእግሩ የሚያውቅ» በሉ፣ ምክንያቱም የመኪናውን መንገድ የሚያውቅ ብዙ ነው። ከክረምት በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ጥሩ ነው፤ ብርዱ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይብሳል። ጉልበት የሚያመው ሰው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ሄዶ ከበቅሎዋ ጋር በታችኛው በኩል ቢመለስ፣ ቀበሮውንም ጭላዳውንም ሊያይ ይችላል።