የስሜት ቁስለት ያለበትን ልጅ በክፍል ውስጥ መደገፍ ወይስ ወደ አማካሪ መላክ?

አስፈሪ ነገር የደረሰበት ልጅ በር ሲንኳኳ የሚደነግጠው ወይም ሲጠየቅ በሐሳብ ጭልጥ የሚለው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን አደጋው ገና ያላለፈ ስለሚመስለው ነው።

በክፍል ውስጥ መደገፍ ብዙ ወጪ የለውም፦ የዕለቱን መርሐ ግብር አስቀድሞ መንገር፣ በሩ የሚታይበት ቦታ ማስቀመጥ፣ በጓደኞቹ ፊት አለመቆጣት። አደጋው መምህሩ በቅንነት ተነሣስቶ የደረሰበትን እንዲተርክ ልጁን መጎትጎቱ ሲሆን፣ ይህ በእኔ እምነት ምንም ካለማድረግ የከፋ ነው።

ወደ አማካሪ መላክ ሙያዊ ክትትል ያስገኛል፤ ሆኖም ወረፋና ከትምህርት መስተጓጎል አለው።

ሲያረጋጉት ቶሎ ለሚመለስ ልጅ የመጀመሪያው ይበጃል፤ ቅዠቱና ፍርሃቱ ከ1 ወር በላይ ከዘለቀ ሁለተኛው ይታከልበታል፤ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ከተናገረ ግን በዚያው ዕለት ወደ ባለሙያ መድረስ አለበት።