ጥብቅ የኢነርጂ ኮድ የተሠራበት ቤት ወይስ ርካሹ አሮጌ ቤት? ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚገዙ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ውድብሪጅ ቤት ለመግዛት የሚዘጋጁ ወገኖች ዘንድ የማይጠፋ ጥያቄ አለ፦ «አዲሱ ቤት ይወደዳል፤ የ1985ቱን ታውንሃውስ ገዝተን ብናድሰውስ?» መልሱን ከወዲሁ እንናገር። ሰፈሩና ስፋቱ ተቀራራቢ ከሆነ በጥብቁ የኢነርጂ ኮድ (ቤት ሲሠራ ኃይል እንዲቆጥብ የሚያዘው ደንብ) የተሠራውን ውሰዱ፤ ግን ቤቱ ምን ያህል አየር እንደሚያሳልፍ የሚያሳየው የፍተሻ ቁጥር በወረቀት ከተያዘ ብቻ። ወረቀት የሌለው አዲስ ቤት ከአሮጌው የሚሻልበትን ምክንያት ማንም ሊያሳያችሁ አይችልም። እንዲያ ከሆነ አሮጌውን በደህና ቅናሽ ገዝቶ አቲኩን (ከጣሪያው ሥር ያለውን ቦታ) ማሠራት ያዋጣል።

ከገንዘቡ እንጀምር። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ሃድ እና የግብርና ሚኒስቴሩ በኤፕሪል 2024 አንድ ውሳኔ አሳለፉ፤ በእነሱ በኩል በሚሰጠው የኤፍኤችኤ እና የዩኤስዲኤ ብድር የሚገዙ አዳዲስ ቤቶች አይኢሲሲ የሚባለውን የኢነርጂ ኮድ የ2021 እትም እንዲያሟሉ። ያኔ በአንድ ቤት ላይ የሚጨምረውን ወጪ ወደ 7,200 ዶላር፣ በዓመት የሚቆጠበውን ደግሞ ወደ 960 ዶላር ገመቱት። የቤት ሠሪዎቹ ማኅበር ኤንኤኤችቢ በበኩሉ ጭማሪው እስከ 31,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች ወደ ወር ክፍያ ስንቀይራቸው ነገሩ ይጠራል። በ30 ዓመት ሞርጌጅና በ6.5 ፐርሰንት ወለድ 7,200 ዶላር በወር 45 ዶላር ገደማ ይጨምራል። 960 ዶላሩ ለ12 ወር ሲካፈል 80 ዶላር ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ወደ 35 ዶላር ኪሳችሁ ይቀራል፤ በ3.5 ፐርሰንት ዳውን ፔይመንት ላይ የሚጨመረውም 252 ዶላር ብቻ ነው። የማኅበሩ ቁጥር እውነት ከሆነ ግን ወርኃዊው ጭማሪ 196 ዶላር ይሆንና 80 ዶላሩ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ስለዚህ ጥያቄው «ኮዱ ጥሩ ነው ወይ?» አይደለም። እናንተ የምትገዙት ቤት ላይ ሠሪው ስንት ጨመረበት? የሚያዋጣውንና የማያዋጣውን የሚለየው እሱ ነው።

ይህን ያህል ሰፊ ልዩነት ከየት መጣ? የዲሲ ዙሪያ በኮዱ የአየር ንብረት ካርታ ዞን 4 ነው። ለዚህ ዞን የ2009ኙ ኮድ ግድግዳ ላይ አር-13፣ ጣሪያ ላይ አር-38 ኢንሱሌሽን ይበቃል ይል ነበር፤ አር ኢንሱሌሽኑ ሙቀት እንዳያልፍ የሚከላከልበት ልክ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይሻላል። የ2012ቱ ግድግዳውን ወደ አር-20፣ ጣሪያውን ወደ አር-49 ከፍ አደረገ። የ2021ዱ ደግሞ ከግድግዳው ውጪ በኩል አር-5 ፎም ቦርድ አከለበት፣ ጣሪያውንም አር-60 አደረሰው። ብር የሚበላው ያ የውጪ ፎም ነው። ቦርዱ ራሱ ውድ ሆኖ አይደለም፤ የሳይዲንጉ ምስማር ይረዝማል፣ በመስኮቱ ዙሪያ ውሃ የሚከላከለው ፍላሺንግ ይቀየራል፣ ሠራተኛው ግድግዳውን አንድ ዙር ጨምሮ ይዞራል። የኮዱን ሠንጠረዥ ቃል በቃል የሚከተል ሠሪ ይህን ሁሉ ከነትርፉ ያስከፍላል። የቤቱ ጠቅላላ ውጤት በሚሰላበት በፐርፎርማንስ መንገድ የሚሄደው ግን የአየር ቀዳዳዎቹን በደንብ ደፍኖ፣ ዳክቱን (የሞቀና የቀዘቀዘ አየር የሚያልፍበትን ቱቦ) ከአቲክ ወደ ቤቱ ውስጥ አውርዶ ያንኑ ውጤት በጣም ባነሰ ወጪ ያገኘዋል። ሻጩ «ኮዱ ነው ያስወደደው» ሲላችሁ «በየትኛው መንገድ ነው ያሟላችሁት?» በሉት። መልስ ከሌለው ዋጋውን ያስወደደው ሌላ ነገር ነው።

ከኢንሱሌሽኑ ውፍረት ይልቅ ቢሉን የሚወስነው አየሩ ነው። ብሎወር ዶር የሚባለው ፍተሻ በበሩ ላይ ማራገቢያ ተገጥሞ ቤቱ 50 ፓስካል ግፊት ላይ ሲደርስ በየደቂቃው ስንት ኪዩቢክ ፊት አየር እንደሚያልፍ ይለካል። ያ ቁጥር በ60 ተባዝቶ ለቤቱ ይዘት ሲካፈል ኤሲኤች50 ይሰጣል፤ በዚያ ግፊት የቤቱ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ማለት ነው። 2,000 ስኩዌር ፊት ሆኖ ጣሪያው 8 ፊት የሆነ ቤት 16,000 ኪዩቢክ ፊት ይይዛል። ውጤቱ 3 ከሆነ በደቂቃ 800 ኪዩቢክ ፊት፣ 5 ከሆነ 1,333፣ 10 ከሆነ 2,667 ያስተላልፋል ማለት ነው። ተነክቶ የማያውቅ የ1980ዎቹ ታውንሃውስ 10 ማምጣቱ፣ ከዚያም ማለፉ፣ ብርቅ አይደለም።

ፖቶማክን መሻገር ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። ሜሪላንድ የ2012ቱን ኮድ ከሌሎቹ ስቴቶች ሁሉ ቀድማ የተቀበለች ናት፤ ያ ኮድ በዚህ ዞን ከ3 ኤሲኤች50 በላይ አይፈቅድም። የ2021ዱንም በሜይ 2023 ሥራ ላይ አውላዋለች። ቨርጂኒያ ደግሞ የ2021ዱን በጃንዋሪ 2024 ስታስጀምር ማሻሻያ አስገብታበት 5 ላይ ቆይታለች። ስለዚህ ጌይተርስበርግና ማናሳስ በአንድ ዓመት የተሠሩ፣ ሲታዩ አንድ ዓይነት የሆኑ ቤቶች አንድ ዓይነት ቢል አያመጡም። ዓመተ ምሕረቱም ያሳስታል። የሚታየው ፐርሚት የወጣበት ቀን ነው፤ በ2024 ቁልፉ የተሰጠ ቤት በቀድሞው ኮድ ፐርሚት አውጥቶ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የፐርሚቱን ቀን የካውንቲው ድረ ገጽ ላይ በአድራሻ ፈልጉት።

ቤቱን ለማየት ስትሄዱ ኩሽናው ከመጎብኘቱ በፊት ቤዝመንት ወርዳችሁ የኤሌክትሪክ ፓነሉን በር ክፈቱ። ኮዱ ራሱ የሚያዘው አንድ ወረቀት እዚያው ወይም ማሞቂያው ባለበት ክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት፦ የግድግዳው፣ የጣሪያውና የመሠረቱ አር፣ የመስኮቱ ዩ ቁጥር (ሙቀት የሚያሳልፍበት ልክ)፣ የማሞቂያና ማቀዝቀዣው ብቃት፣ የዳክት ፍተሻውና የብሎወር ዶሩ ውጤት። ለ2,000 ስኩዌር ፊት ቤት ዳክቱ ከ80 ሲኤፍኤም (በደቂቃ ኪዩቢክ ፊት) በላይ ማፍሰስ የለበትም፤ የኮዱ ልክ በየ100 ስኩዌር ፊቱ 4 ነው። ቦታው ባዶ ከሆነ፣ ወይም ሁሉም ሳጥን ክብ ክብ ቁጥር ከተሞላበት፣ ያለካውን ሰው ሪፖርት ጠይቁ። ማስታወቂያው ላይ «ኢነርጂ ኤፊሺየንት» ተብሎ መጻፉ የሚያስረዳው አዲስ ፍሪጅ መኖሩን ብቻ ሊሆን ይችላል። የቤቱን የኃይል አጠቃቀም የሚመዝነውን የኸርስ ቁጥር ጠይቁ፤ 100 በ2006ቱ ኮድ ልክ የተሠራ ቤት ነው፣ በወረደ ቁጥር ይሻላል፤ እያንዳንዱ ነጥብ 1 ፐርሰንት ነው።

አሁን ዋናው ራስ ምታት፦ በወረቀት አልፎ በሥራ የወደቀ ቤት። ብዙ ገንዘብ የሚፈስሰው ከአቲኩ መግቢያ ነው። 1,000 ስኩዌር ፊት አቲክ ሙሉውን አር-38 ለብሶ፣ 10 ስኩዌር ፊት የሆነችው የመሰላሉ መክፈቻ ብቻ ባዶ እንጨት ብትሆን፣ የጠቅላላው ጣሪያ አማካይ ወደ አር-28 ይወርዳል። አንድ መቶኛ ቦታ ሩብ ያህሉን ኢንሱሌሽን ዋጋ አሳጣው። ኮዱ መክፈቻዋም ኢንሱሌሽን እንድትለብስ፣ ዙሪያዋም ጎማ እንዲኖረው ያዛል፤ ሠሪዎች በብዛት የሚዘሉት ግን እሷኑ ነው። ራሳችሁ ወጥታችሁ እዩ። የተነፋው ኢንሱሌሽን ውስጥ በየ300 ስኩዌር ፊቱ ማስመሪያ ወረቀት መቆም አለበት፤ ሴሉሎስ ከሆነ ለአር-49 ወደ 14 ኢንች ከፍታ ማሳየት አለበት። ጠርዞቹ ላይ ቀጥኖ መሐሉ ላይ የተከመረ ከሆነ ነፊው በሩ አጠገብ ቆሞ ነው የጨረሰው።

ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ አይታይም፤ ስለዚህ እየተሠራ ያለ ቤት የምትገዙ ከሆነ ድራይዎሉ ከመለጠፉ በፊት ኢንስፔክተር አስገቡ። ባለ አር-19 ፋይበርግላስ 3.5 ኢንች ግድግዳ ውስጥ ተጠቅጥቆ ከገባ የሚሰጠው አር-13 ነው፤ ደረሰኙ ላይ ግን አሁንም 19 ይላል። ከሽቦና ከሳጥን ጀርባ ልክ ያልተቆረጠ ባት (የፋይበርግላስ ኢንሱሌሽን ቁራጭ)፣ ተጣጥፎ አየር የታነቀበት ፍሌክስ ዳክት፣ ከእንጨቱ ተላቅቆ የተሰነጠቀ ስፕሬይ ፎም፣ ሁሉም በፎቶ ይያዙ። ፎሙ የዓሣ ዓይነት ሽታ ካለው ቅልቅሉ ተበላሽቷል፤ ያ ተፍቆ ይወጣል እንጂ ቀለም ተቀብቶ አይታለፍም። ታውንሃውስ ላይ ደግሞ በሁለት ቤቶች መካከል ያለው ክፍተት ቀጥታ አቲክ ድረስ አየር ይስባል። እሱን ተራ ፎም መንፋት አይፈቀድም፤ የእሳት መከላከያ ግድግዳ ስለሆነ የተፈቀደለት ማሸጊያ ብቻ ነው የሚገባበት።

እኛ ቤት ጉዳዩ አንድ ነገር ይጨምራል። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት፣ ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ቤት አየር እንዳያሳልፍ ጥብቅ ሲሆን እንፋሎቱና ጭሱ መውጫ ያጣል። ኮዱም ይህን ያውቀዋል፤ ቤቱ በጠበቀ መጠን ሙሉውን ቤት የሚያናፍስ ፋን የግድ ነው። 2,000 ስኩዌር ፊትና ሦስት መኝታ ያለው ቤት ፋኑ ያለማቋረጥ ሲሠራ 60 ሲኤፍኤም ያስፈልገዋል። ሰው ግን ድምፁ ስለሚረብሸው ወይም ኤሌክትሪክ የሚበላ ስለሚመስለው ያጠፋዋል፤ በክረምት መስኮቱ ያልባል፣ ቀጥሎ በቁም ሳጥኑ ጥግ ሻጋታ ይጀምራል። የምድጃው ሁድ ጭሱን ወደ ውጪ የሚያወጣ መሆኑን በእጃችሁ ፈትሹ። ብዙ አዳዲስ ቤቶች ውስጥ ያለው ማይክሮዌቭ ሥር ያለ ሲሆን አየሩን አጣርቶ ፊታችሁ ላይ ይመልሰዋል። ወደ ውጪ ለማውጣት ከግንባታው በኋላ ግድግዳ መቅደድ ስለሚጠይቅ ከውሉ በፊት አስገቡት። ከ400 ሲኤፍኤም በላይ የሆነ ሁድ ከገዛችሁ ግን የሚተካ አየር መግቢያም ሊጠየቅ ይችላል። ከሰል በማንኛውም ቤት ውስጥ አይነድም፤ በጥብቅ ቤት ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ቶሎ ይከማቻል።

ቤቱን በኤሌክትሪክ የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው ሂት ፓምፕ ላይ የሚመጣው ስህተት መጠኑ ነው። ቤቱ አየር የማያሳልፍ ሆኖ ሳለ ሠሪው በድሮው ልማድ ትልቅ ማሽን ከገጠመ በበጋ ቶሎ ቶሎ እየበራ እየጠፋ ቤቱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ እርጥበቱን አያወጣም። ማንዋል ጄ የሚባለውን የማሽን መጠን ስሌት ጠይቁ፤ ኮዱ ያዝዘዋል። በክረምት ደግሞ ቴርሞስታቱን ማታ ብዙ ዝቅ፣ ጠዋት ብዙ ከፍ አታድርጉ። 10 ኪሎዋት የሆነው የመጠባበቂያ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይነሳና፣ ኪሎዋት ሰዓቱ 18 ሳንቲም ቢሆን፣ በሰዓት 1.80 ዶላር ይወስዳል።

አሮጌውን የመረጠ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበት ቅደም ተከተል አለው፤ አብዛኛው ሰው የሚያደርገውም ግልባጩን ነው። መስኮት ሻጩ በር አንኳኩቶ 15 መስኮት ከ12,000 ዶላር በላይ ያስፈርማል፤ በቢሉ ላይ ግን የሚታየው ለውጥ ትንሽ ነው። መጀመሪያ ብሎወር ዶር ይሠራ፤ ሜሪላንድ ውስጥ በኢምፓወር ፕሮግራም በኩል መብራት ኃይሎቹ ኦዲቱን በተቀነሰ ዋጋ ያቀርባሉ። ቀጥሎ አቲክ ወለል ላይ ያሉት የሽቦና የቧንቧ ቀዳዳዎች፣ የግድግዳዎቹ አናትና የመብራት ሳጥኖች ይደፈኑ፤ ከዚያ በላዩ ሴሉሎስ ይነፋ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቀዳዳው ከ14 ኢንች ሴሉሎስ ሥር ይቀበራል፣ ማንም መልሶ አያገኘውም። ከዚያ የዳክቱ መገጣጠሚያዎች በማስቲክ ይቀቡ፤ በጨርቅ ቴፕ የተለጠፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይላቀቃል። አቲክ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ጠጠር መሳይ ቨርሚኩላይት ካያችሁ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር አይነካ። ለእንዲህ ያለው ሥራ 30 ፐርሰንት ይመልስ የነበረው የፌዴራል ታክስ ክሬዲት በ2025 መጨረሻ አብቅቷል፤ ኮንትራክተሩ አሁንም ዋጋው ላይ ቀንሶ ካሳያችሁ አትፈርሙ።

አዲሱን ለመረጠ ደግሞ ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ ከክሎዚንግ በፊት ብሎወር ዶር ይለካል፣ ሜሪላንድ ከሆነ ከ3፣ ቨርጂኒያ ከሆነ ከ5 ካለፈ ሠሪው በራሱ ወጪ ደፍኖ እንደገና ያስለካል። ሠሪው የመጨረሻው ክፍያ እጁ ሳይገባ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ሥራ፣ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ለማስመጣት ወራት ይፈጃል።