ከኩሽና የወጣ ዲኦዶራንት፦ የሦስት ብልቃጥ ግምገማ

ላለፉት አራት ወራት ከሱቅ የሚገዛውን ዲኦዶራንት ትቼ ራሴ በቤቴ ያዘጋጀሁትን የብብት ቅባት ስጠቀም ቆይቻለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ብልቃጥ ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያው ቆዳዬን አቃጠለኝ፣ ሁለተኛው በሙቀት ቀልጦ ዘይት ሆነ፣ ሦስተኛው ግን ይህን በምጽፍበት ጊዜም ከመስተዋቱ ሥር ተቀምጦ በየማለዳው ያገለግለኛል። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው የአሠራር መመሪያ በቀላል ዕቃዎች የሚሠራና ጠረንን በእርግጥ የሚያጠፋ ቢሆንም፣ የሚያዝዘው የቤኪንግ ሶዳ መጠን እጅግ የበዛ ስለሆነ እንዳለ ሊወሰድ አይገባውም፤ ቅባቱ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው ከሁሉ በላይ በዚህ በአንድ ነገር ነው።

አስቀድሞ ከዚህ ቅባት ምን እንደሚጠበቅ ማወቅ ያስፈልጋል። በገበያ ላይ በአንድ ስም የምንጠራቸው ምርቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ጠረንን ብቻ የሚከላከል ሲሆን ሌላው ላብ ራሱ እንዳይወጣ የሚያግድ ነው። ሁለተኛው ይህን የሚያደርገው በውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ጨው የላብ ቱቦዎችን አፍ ለጊዜው ስለሚደፍን ሲሆን፣ ይህን ሥራ የሚተካ ነገር ከኩሽና መደርደሪያ ላይ አይገኝም። በቤት የሚሠራው ቅባት የሚዋጋው ጠረኑን ነው። ከብብት ዕጢዎች የሚወጣው ላብ ገና ሲወጣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሽታውን የሚያመጡት በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በተለይም ኮራይኔባክቴሪየም የሚባሉት፣ በላቡ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ሲሰባብሩ ነው። ስለዚህ ቅባቱን ተቀብቶ ከሰዓት በኋላ ብብቱን ረጥቦ ያገኘው ሰው “አልሠራም” ብሎ ከመጣሉ በፊት ያሽትተው።

የመጀመሪያውን ብልቃጥ የሠራሁት በጣም በተለመደው መመሪያ ነው፤ ስድስት የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት፣ አራት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አራት ማንኪያ የበቆሎ ስታርች። ዘይቱ ጠረን ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹን የሚያዳክም ሎሪክ አሲድ በብዛት አለው፤ ስታርቹ እርጥበቱን ይመጥጣል፤ ሶዳው ደግሞ ጎምዛዛውን ሽታ ያጠፋል። ሦስቱን በጎድጓዳ ሳህን ማሸት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እዚህ ላይ ገበያ ለሚወጣ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም፤ በፓውደሩ ውስጥ አሲድ ስለተቀላቀለበት ላብ ሲነካው መፍላት ይጀምራል። ባለሱቁ “ያው ነው፣ ሁሉም ይወስደዋል” ብሎ ቢያቀብላችሁም መልሱለት።

በመጀመሪያው ሳምንት ውጤቱ አስደነቀኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተቀብቼ፣ በሁለት ታክሲ ተጋፍቼ፣ ማታ ቤቴ ስገባ ሸሚዜ ከሳሙናው ሽታ በቀር ሌላ ሽታ አልነበረውም። በዘጠነኛው ቀን ግን ሁለቱም ብብቶቼ ቀሉ፤ በአሥረኛው ቀን እጄን ወደ ላይ ለማንሳት እስክቸገር ድረስ ያቃጥሉኝ ጀመር። ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም። ጤናማ ቆዳ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ፣ ማለትም ከ7 ሲያንስ አሲዳማነትን የሚያሳየው ልኬት፣ ከ5 ብዙ አይርቅም። በውሃ የሟሟ ሶዳ ግን 8 አካባቢ ነው። በየቀኑ ያን ያህል ሶዳ መቀባት ቆዳው ራሱን የሚጠብቅበትን ሽፋን ቀስ በቀስ መግፈፍ ነው። በዚያ ላይ ሶዳ በዘይት ውስጥ ስለማይሟሟ ፍሬው እንደ ደቃቅ አሸዋ ሆኖ ይቀራል፤ ብብቱን በምላጭ የተላጨ ሰው ደግሞ ያን አሸዋ በቁስል ላይ እንደሚያሽ ይቁጠረው። ቅባቱን ካቆምኩ በኋላ መቅላቱ በሳምንት ለቀቀኝ፤ ጥቁር ጥላው ግን ከወር በላይ ቆይቷል። እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ እብጠት ሲያልፍ እንዲህ ያለ ምልክት ትቶ መሄዱ የተለመደ ነው፤ መመሪያውን የሚያሰራጩት ሰዎች ግን ይህን አያነሱትም።

ሎሚ ለምን አልጠቀምኩም የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እናቴ ዲኦዶራንት የሚባል ነገር ከማየቷ በፊት ሎሚ ለሁለት ቆርጣ ብብቷን ታሽ ነበር፤ አሲዱ ባክቴሪያዎቹን ስለሚጎዳ ዘዴው ባዶ እምነት አይደለም። ሆኖም ሎሚ የተላጨ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ጭማቂው ሳይታጠብ ፀሐይ ካገኘውም ቆዳን ሊያቆስልና ሊያጠቁር ይችላል። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ሎሚና ሶዳን በአንድ ሳህን ላይ እንድንቀላቅል የሚያዝዘው መመሪያ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ቱፍ ብሎ አረፋ ይወጣል፤ አረፋው ሲበርድ አሲዱም ሶዳውም አንዱ አንዱን አጥፍቶ ጨዋማ ውሃ ይቀራል። ማየቱ ደስ ይላል እንጂ ለብብት የሚያተርፈው ነገር የለም።

በሁለተኛው ብልቃጥ ሶዳውን ከአራት የሾርባ ማንኪያ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ዝቅ አድርጌ፣ በምትኩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሺያ በተር ጨመርኩ። የሺያ ዛፍ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ እኛው ጋምቤላ ድረስ የሚበቅል ሲሆን፣ ከፍሬው የሚወጣው ቅቤ ደረቅ ቆዳን በማለስለስ ይታወቃል። ሶዳውን በሻይ ማጥለያ ሁለት ጊዜ ስለነፋሁት የመሻከሩ ነገር ቀረ፤ ማቃጠሉም አብሮ ቀረ። ጠረኑን የመከላከል አቅሙም እንደፈራሁት አልወረደም። በአዲስ አበባ ሁሉ ነገር መልካም ነበር። ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ስወርድ ግን ቅባቱን በቦርሳዬ ከልብስ ጋር ጠቅልዬ ያዝኩት፤ የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንደሚቀልጥ እያወቅሁ መዘንጋቴ የራሴ ጥፋት ነው። ስደርስ ቦርሳውን ብከፍተው ዘይቱ በክዳኑ ሥር አምልጦ ነጭ የሀበሻ ቀሚሴን ከጡቱ እስከ ወገቡ አርሶታል። የተረፈውን በሆቴሉ ማቀዝቀዣ ባረጋውም ሶዳና ስታርቹ ከታች ዘቅጠው፣ ከላይ ንጹሕ ዘይት ብቻ ቆሞ አገኘሁት። ከላይ የሚቀባ ሰው ባዶ ዘይት ይቀባል፤ ከሥር የሚጨልፍ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ብልቃጥ ችግር ይመለሳል።

መፍትሔው ሰም ነው፤ የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ዘይቱን ደግፎ ይይዘዋል። ከሱቅ የተጣራ ሰም መግዛት ይቻላል፤ እኔ ግን ጠጅ የሚጥሉ ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ ሰፈፍ ለመንኩ። “ልጄ፣ ሰፈፉን ለብብት ነው ያልሽኝ? ኧረ ጉድ ነው!” ብለው ከሳቁ በኋላ አንድ ጭብጥ ሰጡኝ። ሰፈፉን በውሃ አፍልቼ በስስ ጨርቅ አጠለልኩት፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከውሃው በላይ ቢጫ ቂጣ ሆኖ ረጋ። አንድ ጊዜ ማጥለል ግን አይበቃም። እኔ ቸኩዬ ወደ ሥራው ስለገባሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከብብቴ የጠጅ ሽታ ይወጣ ነበር፤ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ጠጋ ብላ “ዛሬ ደግሞ ጠጅ ቤት ነው እንዴ ያደርሽው?” ብላኛለች። ጠረን ለማጥፋት የተሠራ ነገር ሌላ ጠረን ሲያመጣ ከማየት የበለጠ የሚያስቅ ነገር አላጋጠመኝም። ሰሙን ሦስት ጊዜ ያጠለለ ሰው ግን ይህ አይገጥመውም።

አሁን የምጠቀምበት ልክ እንዲህ ነው። አራት የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት፣ ሁለት ማንኪያ ሺያ በተርና አንድ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ሰም በጎድጓዳ ብረት ሳህን አድርጌ፣ ሳህኑን በሚፈላ ውሃ ድስት ላይ እጥደዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ከሰል ላይም ሠርቼዋለሁ፤ እንዲያውም እሳቱ ዝግ ስለሚል ይሻላል። ሁሉም ቀልጦ አንድ ሲሆን አወርደውና፣ አራት ማንኪያ ስታርችና አንድ የሻይ ማንኪያ የተነፋ ሶዳ እየበተንኩ አማስለዋለሁ። ልምድ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው፤ ገና ትኩስ ሳለ ወደ ብልቃጥ ከተገለበጠ ዱቄቱ ይዘቅጣል፣ ብዙ ከተጠበቀ ደግሞ ሰሙ ይጓጉላል። እንደ አጥሚት ወፈር ብሎ ከማንኪያው በዝግታ ሲወርድ መገልበጥ ነው። ውሃ ስለሌለበት ቶሎ አይበላሽም፤ በእርጥብ ጣት እየተነካካ ከቆየ ግን መበላሸቱ አይቀርም፤ እኔ የምጨልፈው በትንሽ ማንኪያ ነው።

አቀባቡ ከሱቁ ምርት ጋር ሲነጻጸር አድካሚ ነው። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጨልፎ በጣት ሙቀት ማለስለስ፣ በደረቀ ብብት ላይ በስሱ ማዳረስ፣ ከዚያም አምስት ደቂቃ ያህል ሸሚዝ ሳይለብሱ መቆየት ያስፈልጋል። ለሥራ ለሚጣደፍ ሰው ይህ አምስት ደቂቃ ቀላል አይደለም። ያልጠበቁት እንደሆነ ልብስ ላይ የዘይት ጠብታ ይተዋል፤ በሐር ልብስ አልመክረውም። በአንጻሩ ነጭ ሸሚዞቼ በብብታቸው በኩል የነበረባቸው ቢጫ እድፍ አልተጨመረባቸውም፤ ያ እድፍ የአሉሚኒየም ጨውና ላብ ሲገናኙ የሚመጣ ነውና። በተለመደ የቢሮ ቀን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ጠረን አልወጣኝም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ በዋልኩበት የሠርግ ቀን ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ ኃይሉ አልቆ ነበር፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ እንደገና መቀባት ግድ ሆነብኝ።

ከዋጋ አንጻር ብዙ አድናለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ቅር ይለዋል። ሶዳና ስታርች ርካሽ ናቸው፤ የኮኮናት ዘይቱና ሺያው ግን ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ወጪውን የሚያከብዱት እነሱ ናቸው፤ ቁጠባው የሚታየው ሁለተኛውና ሦስተኛው ብልቃጥ አንዴ ከተገዛው ዘይትና ሺያ ሲወጡ ነው። ጤናን በተመለከተ ደግሞ የሱቁን ምርት ለመተው የሚቀርበው የተለመደ ምክንያት፣ አሉሚኒየም የጡት ካንሰር ያመጣል የሚለው፣ እስከ አሁን በተደረጉ ጥናቶች አልተረጋገጠም፤ ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይጠቀሙ የሚመከሩት የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ብብት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት “መርዙን ያወጣል” የሚባለውንም አልቀበለውም። መርዝ ማጣራት የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው፤ ላብ ማገጃ ያቆመ ሰው የሚያየው ተደፍኖ የነበረው ላብ ወደ ቦታው ሲመለስ ነው። ጠረኑ በድንገት የተለወጠበት ወይም ላቡ ሸሚዝ የሚያስቀይረው ሰውም ቅባት ከመሥራት ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ይሻለዋል።

ስለዚህ ቆዳው ሽቶ የማይችል፣ በአዲስ አበባ ብርድ የሚኖርና ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት የሚተርፈው ሰው ሦስተኛውን ልክ ቢሞክር እደግፈዋለሁ፤ በፊት ግን በክንዱ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ትንሽ ቀብቶ አንድ ቀን ይጠብቅ። እኔ በበኩሌ ወደ ቆላ ስወርድ አሁንም ከሱቅ የተገዛውን ነው ቦርሳዬ ውስጥ የምከትተው፤ ነጩ ቀሚሴም ሦስት ጊዜ ታጥቦ የዘይቱ ጥላ ገና አልለቀቀውም።