የዕድራችንን መልእክቶች ከአሮጌ ስልክ ወደ አዲስ ላሻገረችልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

የምኖረው አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሲሆን ላለፉት ስድስት ዓመታት የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ አገልግያለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ባለፈው ወር አሮጌው ስልኬ ላይ የነበሩትን የአጭር ጽሑፍ መልእክቶች በሙሉ ወደ አዲሱ ላዛወረችልኝ፣ መገናኛ አካባቢ በሞባይል ጥገና ለምትተዳደር አንዲት ወጣት ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ወደ እርሷ እንዲሄድ ለመጠቆም ነው።

መልእክቶቹ ለምን ይህን ያህል እንዳስጨነቁኝ ማስረዳት አለብኝ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ወርሃዊ መዋጯቸውን እቤቴ ድረስ ማምጣት ትተው በስልክ ይልኩልኛል። ከ127 የሚመጣው መልእክት የላኪውን ስም፣ የገንዘቡን መጠን፣ ቀኑንና የግብይት ቁጥሩን ስለሚይዝ ለእኔ ደረሰኝ ነው፤ በባንክ ለሚያስገቡትም እንዲሁ ከባንኩ መልእክት ይደርሰኛል። በየወሩ መጨረሻ እነዚህን እያየሁ ወደ መዝገብ የመገልበጥ ልማድ ነበረኝ፤ ዘንድሮ ግን በሕመም ምክንያት የአምስት ወር ሒሳብ ሳይገለበጥ ቆየ። ዕድር ላይ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ሐዘን የገባበት ቤተሰብ፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሳ፣ የሌለበትን ውዝፍ «አለባችሁ» ቢባል ጉዳቱ በገንዘብ የሚተመን አይደለም።

ጠቅላላ ጉባኤያችን ሊካሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልኩ ከእጄ አምልጦ ደረጃ ላይ ወደቀ። ስክሪኑ ይበራል፣ መልእክት ሲገባም ይጮኻል፤ ነገር ግን በጣት ሲነኩት ፈጽሞ አይታዘዝም። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ሲም ካርዱን አውጥቶ አዲስ በገዛሁት ስልክ ላይ ከሰካ በኋላ «መልእክቶቹ አብረው ይመጣሉ» አለኝ። እቤቴ ደርሼ ስከፍተው የአንድም አባል ክፍያ አልነበረበትም። ተመልሼ ስጠይቅም አሮጌውን ፍላሽ አድርገን፣ ማለትም ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጭነን፣ እንሞክር የሚል ምላሽ ተሰጠኝ፤ ያን ጊዜ እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር ተጠርጎ ይጠፋ እንደነበር የተረዳሁት በኋላ ነው።

ወደ ባለሙያዋ የመራኝ የዕድራችን ጸሐፊ ነው። ገና ስልኩን ሳትነካ፣ አረፍ እንድል ወንበር ሰጥታኝ ነገሩን አስረዳችኝ። ሲም ካርድ በራሱ ላይ ሊይዝ የሚችለው ጥቂት መልእክቶችን ብቻ እንደሆነ፣ በዛሬ ስልኮች የሚደርሱን መልእክቶች የሚቀመጡት ደግሞ በስልኩ በራሱ ማከማቻ ውስጥ እንደሆነ ነገረችኝ። የቴሌግራም ወሬ በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ በአዲስ ስልክ ሲገቡ ተመልሶ ይታያል፤ አጭር ጽሑፍ ግን አስቀድሞ ቅጂው ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ፣ ካለበት ስልክ ካልተወሰደ በቀር ከየትም አይመጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አሮጌውን ስልክ ሳይጎዱ እንዲታዘዝ ማድረግ ነበር።

ይህን ያደረገችበትን መንገድ ሳይ ተደንቄአለሁ። ኦቲጂ የሚሉትን አጭር ገመድ ከስልኩ የቻርጀር መሰኪያ ጋር አገናኝታ በሌላኛው ጫፍ የኮምፒውተር ማውስ ሰካችበት። ወዲያው በተሰነጠቀው ስክሪን ላይ ትንሽ ቀስት ብቅ አለች፤ ማውሱ ሲንቀሳቀስ ቀስቷ ትንቀሳቀሳለች፣ ሲጫኑት ስልኩ በጣት የተነካ ያህል ይታዘዛል። መክፈቻው ላይ ስንደርስ ማውሱን ለእኔ አቀበለችኝና «ጋሼ፣ እርስዎ ይሳሉት፤ እኔ ዞር እላለሁ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ስልክ ለማሠራት የይለፍ ቃሌን በወረቀት ጽፌ የሰጠሁበት ጊዜ ስለነበር ይህ አክብሮት ልቤን ነካው።

ከዚያ በራሷ ዋይፋይ ኤስኤምኤስ ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር የተባለውን መተግበሪያ በአሮጌው ስልክ ላይ ጫነች። መተግበሪያው መልእክቶቹን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ፋይል አስቀመጣቸው፤ ቁጥራቸው 7,316 ነበር። ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ፊት ለፊቴ አኖረችው። ፋይሉን በሚሞሪ ካርድ ወደ አዲሱ ስልክ ካሻገረች በኋላ መተግበሪያውን ለጊዜው የመልእክት መቀበያ አድርጋ ሰየመችው፤ የአንድሮይድ ስልክ ይህ ሳይደረግ መልእክት ወደ ውስጥ ማስገባት እንደማይፈቅድም ነገረችኝ። ወደ አምስት ሺህ ገደማ ሲደርስ ስክሪኑ ጠፍቶ የባትሪ ቆጣቢው ሥራውን ስላቋረጠው ደነገጥኩ። እርሷ ግን ቆጣቢውን አጥፍታ እንደገና አስጀመረችው፤ መተግበሪያው ቀድመው የገቡትን እየለየ ዘለላቸውና የቀሩትን ብቻ ጨመረ። መጨረሻ ላይ ድምሩ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ «አልቋል» አላለችም።

በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ መልእክት 160 ሆሄያት ሲይዝ በእኛ ፊደል የተጻፈው የሚይዘው 70 ብቻ ስለሆነ፣ ረጃጅሞቹ የአማርኛ መልእክቶች ተቆራርጠው ይመጡ ይሆን የሚል ስጋት ነበረኝ። ይህንን ስነግራት ከሁሉም የሚረዝመውን እንድመርጥ ጠየቀችኝ። የመረጥኩት ባለፈው ክረምት ያረፉ አንዲት የሰፈራችን እናት የላኩልኝን ነበር። «ልጄ፣ የሰኔንም የሐምሌንም አንድ ላይ አስገብቻለሁ፤ እግሬ ስላመመኝ መምጣት አልቻልኩም፣ ደርሶህ እንደሆነ ንገረኝ፣ እንዳይቀርብኝ» ይላል። ከሥሩ «ደርሶኛል እማማ፣ እግዜር ይማርልኝ» ያልኩት መልስ አለ። አንድ ፊደል ሳይጎድል፣ ቀኑና ሰዓቱ ሳይለወጥ አዲሱ ስልክ ላይ ሳየው ዕንባዬ መጣ። ባለሙያዋም ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ያደረገችውን በተለይ መመስከር እፈልጋለሁ። የመልእክት መቀበያውን ወደ ነበረበት መልሳ፣ ከራሷ ስልክ የሙከራ መልእክት ልካ መግባቱን አረጋገጠች። ሚሞሪ ካርዱንም አውጥታ በእጄ አስያዘችኝ፤ ፋይሉ ያገኘው ሰው ሁሉ ከፍቶ የሚያነበው በመሆኑና የዕድሩ ሒሳብ እየተዘረዘረ ስለሚታይበት ከገንዘብ እኩል እንድጠብቀው አሳሰበችኝ። በእርሷ ኮምፒውተር ላይ ምንም አልቀረም፤ ከመጀመሪያውም አላስገባችውም። አሮጌውን ስልክ ቢያንስ ለአንድ ወር እንዳላጠፋውና ለማንም እንዳልሰጠው የመከረችኝም እርሷ ናት። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ለፈጀው ለዚህ ሁሉ ሥራ የጠየቀችኝ 500 ብር ብቻ ነው። ጨምሬ ልሰጣት ብሞክርም የተነጋገርነው ይበቃል ብላ አልተቀበለችኝም።

የአምስቱ ወር ሒሳብ ከመልእክቶቹ ላይ እየታየ ወደ መዝገብ ተገልብጦ በጉባኤው ዕለት ለኦዲተሮቹ ቀርቧል። ውዝፍ አለባቸው ተብለው በጊዜያዊ ዝርዝር ላይ ሰፍረው የነበሩ አራት አባላት በወቅቱ መክፈላቸው ተረጋግጦ ስማቸው ተነስቷል፤ እነርሱም ለባለሙያዋ ምስጋናቸውን እንዳደርስላቸው አደራ ብለውኛል።

ስሟንና ስልክ ቁጥሯን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ፣ አገልግሎቷን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አድራሻዋን እልክላችኋለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ ግን ወረፋ ስለሚበዛ ጠዋት መሄዱ ይሻላል። ስትሄዱ ሁለቱንም ስልኮች ከነቻርጀራቸው ያዙ፤ አሮጌውንም ማንም «ፍላሽ እናድርገው» ቢላችሁ እርሷ ሳታየው እንዳታስነኩት።