ታጣፊ ፖፖ ልግዛ አልግዛ ለምትሉ

መልሱን ላስቀድም። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ፣ መኪና ካላችሁና ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጣ የምትሉ ከሆነ ግዙት። በአውቶቡስ ለምትሄዱ ግን አልመክርም። ልጁ ስድስት ዓመት ከሞላውም ይቅርባችሁ።

ዕቃውን ላላያችሁት፦ ሲታጠፍ ከላፕቶፕ ቦርሳ የማይበልጥ ፕላስቲክ ነው። ሁለት እግር አለው። እግሮቹን ወደ ታች ስትዘረጉ መሬት ላይ የሚቆም ፖፖ ይሆናል። መሀሉ ላይ ከረጢት ይገባል፤ ልጁ ሲጨርስ ቋጥሮ መጣል ነው። እግሮቹን ወደ ጎን ስትከፍቱ ደግሞ የትልቅ ሰው የሽንት ቤት መቀመጫ ላይ ይደረባል፤ ቀዳዳውን ስለሚያጠበው ልጅ አይሰምጥም። እኔ ቴሌግራም ላይ ከሚሸጥ ሰው ከ3 ሺህ ብር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ነው የወሰድኩት። ሚስቴ ዋጋውን ስትሰማ «በዚህ ብር መርካቶ ስንት ፖፖ ይገዛል?» አለች። እውነቷን ነው። ግን የመርካቶው ፖፖ አይታጠፍም። መንገድ ላይ ውስጡ ያለውን የት እንደምትደፉትም እናንተው ታውቃላችሁ።

አብዛኛው ሰው ይህን ዕቃ የሚገዛው ጀርም ፈርቶ ነው። ሻጩም የሚያስተዋውቀው በዚያ ነው። እኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው ያለው እላለሁ። ልጅህ ከዓይንህ ሳትሰወር ትሸናለች። ለእናት ይህ ብዙም አይታያት ይሆናል። ሴት ልጁን ብቻውን ይዞ ለሚዞር አባት ግን ዋናው ነገር ነው።

ሚስቴ ነርስ ናት። ለሥልጠና ሐዋሳ ሰንብታ ነበር፤ ሊያልቅ ሲል ሁለቱን ልጆች መኪና ላይ ጭኜ ተከተልኳት። ሚጣ ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ ማሙሽ ሰባት። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፍጥነት መንገዱ ላይ እንደ ልብ አይቆምም፤ ዳር መያዝ የሚቻለው መኪና ሲበላሽ ወይም ሌላ ችግር ሲገጥም ነው። ሚጣ ግን ይህን ሁሉ አታውቅም። «ሽንቴ መጣ» ካለች መጣ ነው። የትልቅ ሰው ፊኛ ቀጠሮ ይሰጣል፤ የእሷ አይሰጥም። ስለዚህ የቤታችን ሕግ ፖፖ ኖረም አልኖረ አንድ ነው፦ ወደ ፍጥነት መንገዱ ከመግባታችን በፊት መጣም አልመጣም ሁሉም ይሸናል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የነዳጅ ማደያና የሻይ ቤት ሽንት ቤት ነው። መቂም ግቡ፣ ባቱም ግቡ፣ አርሲ ነገሌም ግቡ፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ቁጢጥ የሚባልበትን ነው። የእግር መርገጫው ለትልቅ ሰው ነው የተሠራው፤ የሦስት ዓመት ልጅ እግሯን አንፈራጣ እንኳን ሁለቱን መርገጫ አትደርስባቸውም። ወለሉ ደግሞ እርጥብ ነው። ብብቷ ስር ይዛችሁ አየር ላይ ታንጠለጥሏታላችሁ፤ እሷ ደግሞ ፈርታ ትጣበቅባችኋለች፤ ሽንቱም ከፍርሃቷ ጋር አብሮ ይመለሳል። መቀመጫ ያለው ሲገኝ ደግሞ ክዳኑም መቀመጫውም ተነቅሎ ሸክላው ብቻ የቀረ ይሆናል። ስለዚህ ሻጩ «ሁለት በአንድ» እያለ የሚያወድሰው ሁለተኛው አገልግሎት መንገድ ላይ ብዙም አይሠራም። የሚሠራው ከተማ ውስጥ ነው። ወዳጅነት ፓርክ ወይም እንጦጦ ስንሄድ፣ አለበለዚያ ቦሌ አካባቢ የገበያ ማዕከል ስንገባ የምጠቀመው በዚያ ነው። እዚያም ቢሆን ከመደረባችሁ በፊት በሶፍት ጠረግ አድርጉት። እርጥብ መቀመጫ ላይ ይንሸራተታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አባት ሴት ልጁን ይዞ የሕዝብ ሽንት ቤት በር ላይ ሲቆም ሁለት በር አለው። የወንዶቹ ውስጥ ሰው ቆሞ ይሸናል፤ ልጅቷ ዓይኗን የት ታድርግ? የሴቶቹ ውስጥ እሱ አይገባም። ሦስተኛው መንገድ የእኛ አገር መንገድ ነው፤ አንዷ እህት ትመጣና «አምጣት ወንድሜ፣ እኔ ላስገባት» ትላለች። ከልቧ ነው የምትለው። እጇን ዘርግታ፣ «ነይ የኔ ቆንጆ» ብላ። ይህን ደግነት መናቅ አልፈልግም፤ እኛም ያደግነው ጎረቤት አስገብቶን፣ ጎረቤት አጥቦን ነው። ግን ልጄን ስሟን ለማላውቀው ሰው ሰጥቼ በር ላይ መቆም አልችልም። «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ሰው ትፈራለች» እላለሁ። ሚጣ ሰው እንደማትፈራ መኪናው ውስጥ የተቀመጡ አሻንጉሊቶች ሁሉ ያውቃሉ።

ፖፖው እዚህ ላይ ነው ገንዘቤን የመለሰልኝ። መኪናውን ግድግዳ ጥግ አስጠጋለሁ። የኋላውን በር እከፍታለሁ፤ የፊቱንም እከፍታለሁ። ሁለቱ በሮች ግራና ቀኝ ይሸፍናሉ። በላያቸው አንድ ነጠላ ጣል ይደረጋል። ሚጣ መሀል ትቀመጣለች፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ። ነጠላውን እንዳትረሱት፤ ከፖፖው ጋር አብሮ ባይሸጥም የፖፖው አካል ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ሄደን ነጠላውን እናቷ ለብሳው ስለነበር ሚጣ «ሰው ያየኛል» ብላ እምቢ አለች። ሰውስ ይሁን፤ ከዛፍ ላይ ጦጣዎቹም ወርደው ቆመው ያዩ ነበር።

ማሙሽ ሌላ ታሪክ ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈው የክብደት ልክ 22 ኪሎ ገደማ ነው፤ እሱ አልፎታል። ቢፈቀድለትም አይቀመጥበትም፤ «እኔ ሕፃን ነኝ?» ይላል። እሱን ብቻውን አስገባዋለሁ፣ ግን በእኔ አገባብ ነው። መጀመሪያ እኔ ውስጡን አያለሁ። በሩን ይዘጋል እንጂ አይቆልፍም። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ እስኪወጣ ድረስ እናወራለን። የማንቸስተርን ጨዋታ ይተርክልኛል፣ እኔም «እሺ፣ ከዚያስ?» እላለሁ። ድምፁ ከተቋረጠ እገባለሁ። መቆለፍ የከለከልኩት ሌባ ፈርቼ ሳይሆን መቀርቀሪያውን ፈርቼ ነው። አንዳንዱ የብረት መቀርቀሪያ ዝጎ ሲዘጋ እሺ ብሎ ሲከፈት እምቢ ይላል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት የሚጮህ ልጅን በር ገንጥሎ ማውጣት ለማንም አይመኙም።

ማሙሽን ሳስገባ ሚጣ የት ናት? ከእኔ ጋር፣ እጇን ይዤ። መኪና ውስጥ ትቆየኝ አይባልም። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ የተዘጋ መኪናን በደቂቃዎች ውስጥ ያግለዋል። ሁሉም ይወርዳል፣ ሁሉም ይመለሳል። ታዲያ አንዱን ልጅ እንደ ልብ ለመጠበቅ ሌላኛዋ በፖፖው ቀድማ ጨርሳ መገኘቷ ራሱ አንድ እረፍት ነው። ሻጩ ይህን ለምን እንደማያስተዋውቅ አልገባኝም።

ስለ ልጅ ጥበቃ ስናወራ ሚስቴ ሁልጊዜ የምትለኝ አለ። ልጅን «የማታውቀውን ሰው ተጠንቀቅ» ብቻ ብለን ካሳደግን ግማሹን ነው የነገርነው፤ ምክንያቱም ልጆች ላይ የሚደርሰው ጥቃት በአብዛኛው ከሚያውቁት ሰው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለልጆቹ የነገርናቸው ስለ ሰው ዓይነት ሳይሆን ስለ ገላቸው ነው። የሚያጥባችሁና የሚያጸዳችሁ እማማ ወይም አባባ ነው፤ ሐኪምም ቢሆን እኛ ባለንበት ነው የሚያያችሁ። ሌላ ማንም ሰው፣ አጎትም ይሁን ጎረቤት፣ «ለማንም እንዳትናገሩ» ካለ ወዲያው ንገሩን። ማሙሽ ይህን በቃሉ ይዞታል። ሚጣ ገና ነች፤ ለእሷ ጥበቃው እኔው ነኝ።

ጀርምን አቃለልክ እንዳትሉኝ። አሜባና ጃርዲያ ያልጎበኘው የአዲስ አበባ ቤት የለም። ግን በሽታው በአብዛኛው የሚገባው በመቀመጫው ሳይሆን በእጅ ነው፤ የበሩን እጀታ፣ ቧንቧውን፣ ግድግዳውን ነክቶ ወደ አፍ በሚሄድ እጅ። ፖፖው ይህን አያስቀርም። እንዲያውም የራሱ ጣጣ አለው፤ እግሮቹ መሬት ረግጠው ተመልሰው መኪና ውስጥ ይገባሉ። እኔ ለብቻው የሚዘጋ ከረጢት ሰጥቼዋለሁ፤ ቤት ስንደርስ በበረኪና ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ለእጅ ደግሞ ኋላ ጭነቱ ጋ ቧንቧ የተገጠመለት ትንሽ ጀሪካንና ሳሙና አለ። እጃቸውን 20 ሰከንድ ያህል ያሻሉ፤ ማሙሽ እየቆጠረ፣ ሚጣ ቁጥሩን እያደባለቀችበት። ሳኒታይዘር ውኃ ሲታጣ ነው፤ የቆሸሸ እጅ ላይ አይረባም። ከተጠቀማችሁም አልኮሉ ከ60 በመቶ የማያንስ ይሁን፤ ጠርሙሱን ግን ልጅ እንዳትሰጡ። ትንሽ ልጅ ከዚያ ቢጎነጭ በአልኮሉ ይመረዛል።

የመጎንጨት ነገር ከተነሳ ከጀርምም ከመቀርቀሪያም በላይ የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። በረኪና በሃይላንድ። የሽንት ቤት አጽጂዎች በረኪናውን ባዶ የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ቀድተው ከግድግዳው ስር፣ ልክ በልጅ ቁመት፣ ያስቀምጡታል። አንዳንዱ በረኪና ውኃ ነው የሚመስለው፤ በዚያ ሙቀት የተጠማ ልጅ ደግሞ ጠርሙስ ሲያይ አይጠይቅም። ሽንት ቤት ከመግባቴ በፊት መጀመሪያ የማየው ወለሉን ሳይሆን ያንን ጥግ ነው። ሚስቴ የምታስጠነቅቀው፦ ልጅ በረኪና ከጠጣ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሲወጣ ጉሮሮውን ደግሞ ያቃጥለዋል። አፉን አጥባችሁ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

የዕቃውን እንከን ልቀጥል። አብሮት የሚመጣው ከረጢት ጥቂት ነው። ውስጡ ሽንት የሚመጥ ጨርቅ አለው፤ ጥሩ ነው፣ አያንጠባጥብም። ሲያልቅ ግን መለወጫው ውድ ነው፤ ሲፈለግም ሁልጊዜ አይገኝም። ብዙ ወላጅ በፌስታል ይተካው ነበር፤ የፌስታል ክልከላው ከመጣ ወዲህ ያም ቀረ። እኔ አሁን የሚበሰብስ የቆሻሻ ከረጢት ገዝቼ ውስጡ አንድ የሕፃን ዳይፐር ዘርግቼ አስገባለሁ። ዳይፐሩ ከኦሪጅናሉ ጨርቅ ባልተናነሰ ሽንቱን ይመጥጣል። የተቋጠረውን ከረጢት በመስኮት የምትወረውሩ ሰዎች ካላችሁ እግዜር ይይላችሁ፤ የቆሻሻ ገንዳ እስክታገኙ ክዳን ያለው ባልዲ ኋላ አድርጉ።

እግሮቹ ለስላሳ መሬት ላይ ይሰምጣሉ። ሐይቁ ዳር አሸዋው ላይ አንዱ እግር ወረደና ሚጣ ልትገለበጥ ስትል ነው የያዝኳት። ጠጠርም ላይ ይወዛወዛል። ደረቅና ደልዳላ ቦታ ይፈልጋል። ማጠፊያው ደግሞ ጣት ይቆነጥጣል፤ ልጆቹ ራሳቸው እንዳይከፍቱት ነግሬያቸዋለሁ፤ ነግሬያቸውም ይከፍቱታል።

በአውቶቡስ ለምትሄዱ አልመክርም ያልኩት ለዚህ ነው፤ የሚዘረጋበት ቦታ የለም፣ የሚጋርድ በር የለም፣ የተቋጠረውን ከረጢትም ይዛችሁ ከሰው ጋር ተጠጋግታችሁ ነው የምትቀመጡት። ለእናንተ የሚሻለው አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ደህና የሚባል ምግብ ቤት ገብቶ፣ ሻይ አዝዞ፣ የሽንት ቤቱን ቁልፍ መጠየቅ ነው። ቁልፍ ያለው ሽንት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ንጹሕ ነው፤ ልጁ ውስጥ እያለም ሌላ ሰው ዘው ብሎ አይገባም።

ለመግዛት ከወሰናችሁ በፎቶ ብቻ አትግዙ። ሻጩን አግኝታችሁ እግሮቹን ራሳችሁ ዘርጉ። «ቀጭ» ብለው ካልቆለፉ ተዉት፤ በጉልበታችሁ ጫን ስትሉት ከተጣጠፈም ተዉት። መቀመጫው ስር የሚያዳልጥ እንዳይሆን የተለጠፈ ጎማ መኖሩን እዩ፤ ርካሾቹ ላይ የለም። መለወጫ ከረጢቱን አብሮ የማይሸጥ ሰው ከሆነ ዋጋ አስቀንሱት፤ እኔ 300 ብር አስቀንሻለሁ።